አባዬ፣ ዝም ብለህ «እሺ» አትበለኝ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ቁመቱ እኔን ደርሷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ስ» ማለት አቅቷታል። አንተም ብትሆን «ስ»ን አትሰማትም፤ ትግባባላችሁ።

ለመስማት የሚረዳህን ማዳመጫ መሳቢያ ውስጥ እንደከተትከው እማዬ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። «ሰው ሲሰበሰብ ጫጫታውን ነው የሚያጎላልኝ» ብለሃል አሉ። እውነትህን ነው። የጆሮ ሐኪም ሄጄ ጠየቅኩ። በዕድሜ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት»። ወፍራሞቹ ይቆያሉ። «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የምትዪው ነው የማይገባኝ» የምትለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጤነኛ ጆሮ ከብዙ ሰው ወሬ መሀል አንዱን ለይቶ ያወጣል። የተጎዳው ሁሉንም ደባልቆ ነው ለአንጎል የሚያቀብለው። መሣሪያው ድምፁን ያጎላል እንጂ ያን መለየት ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ያደረግከው ምርመራ ደግሞ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ «ጢጥ» ሲል እጅ ማውጣት ነው። በሚቀጥለው ስትሄድ፣ ጫጫታ መሀል ንግግር የሚሰማበትን ምርመራ ጠይቅ።

መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ግን ምንም አይሠራልህም። አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ አንተ ገና ሳትለምደው ነው የተውከው። ቤቱ ሞቅ ሲል ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ተቀመጥ። የሚያወራህ ሰው ፊት ለፊትህ፣ ብርሃን ላይ ይሁን፤ ከንፈሩን ታያለህ። ቴሌቪዥኑን አስጠፋ። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክም አለች፤ የተናጋሪውን ድምፅ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ትልካለች። ካንተው መሣሪያ ጋር ትሠራ እንደሆነ አጣራለሁ። ልጆቹንም አትጩኹበት ብያቸዋለሁ፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል።

አባዬ፣ አለመስማትህንስ ችዬዋለሁ። የሰማህ እየመሰልክ አንገትህን ስትነቀንቅ ነው የሚያንገበግበኝ። በወንድሜ ሰርግ «ፊትሽ ለምን ጠቆረ?» ያልከኝ አንተ ነህ። ሙዚቃው እየደለቀ ጆሮህ ሥር ተጠግቼ የራሴ ሐኪም ያለኝን ነገርኩህ። ሳቅ አልክና «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አልከኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ ወደ እንግዶቹ ዞርክ። በኋላ ከእማዬ ስትሰማ ደውለህ አልቅሰሃል፤ አልረሳሁትም። ያ «እሰይ» ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ለትንሿ ልደት ስትመጣ መሣሪያውን ይዘህ ና። ባትሪውን እኔ እገዛለሁ። ካልሰማኸኝ «ምን አልሽ?» በለኝ። እደግምልሃለሁ፤ ካልሆነም ቃሉን ቀይሬ እነግርሃለሁ። ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ በሩን ዘግተን፣ ያን ቀን ያልኩህን እኔው ራሴ ልነግርህ እፈልጋለሁ። እማዬ ከነገረችህ ውጪ የቀረም አለ።

መቼ እንደምትመጣ ቁርጡን አሳውቀኝ።

ልጅህ