የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በሩ እስኪከፈት

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የተወያየው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ተመልካቹ ገጸ ባሕርያቱን ገና ሳያውቃቸው፣ በፊልሙ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ልቡን ማንጠልጠል የሚቻለው እንዴት ነው? የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት የፊልሞችን መክፈቻ በመመልከት፣ ሁለተኛውን በቡድን ሆኖ በመጻፍና በመቅረጽ አሳልፈናል።

ከሁሉም በላይ ያወያየን ኦርሰን ዌልስ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1958 ለእይታ የበቃው «ተች ኦፍ ኢቭል» ነው። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው ጊዜ የተሞላለት ቦምብ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይደብቃል፤ ምንም የማያውቁ ሁለት ሰዎች መኪናዋን አስነሥተው ሲሄዱም ካሜራው ሰው በሚተራመስበት ጎዳና ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጉ ነበር። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክም ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ እንደሆነ፣ ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ እንደሚጨነቅ አስረድቷል።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ መሥራቱ ግን ብዙ ያደክማል። የአንደኛው ቡድን የመጀመሪያ ሥራ በሩጫ፣ በጩኸትና በከባድ ሙዚቃ የተሞላ ቢሆንም ማንንም አላስጨነቀም፤ እንድንጠብቀው የተሰጠን ነገር አልነበረምና። ቡድኑ ሙዚቃውን አውጥቶ እንደገና ጻፈው። አንዲት ልጅ በባዶ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትጽፋለች፤ ከኮሪደሩ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ የበሩ እጀታ በዝግታ ዝቅ ይላል። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫ ማድረጓ የሚታየው መጨረሻ ላይ ስለነበር፣ ቀድሞ ይታይ ወይስ አይታይ በሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው አመጡት። በእኔ እምነት የዓመቱ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ ኮቴው ሲሰማ ልጅቷ እንደማትሰማ አስቀድመን እናውቃለንና።

የእጀታው ቀረጻ ርዝመትም አስቸግሮናል። በአራት ሰከንድ ጥድፊያ ሆነ፤ በዐሥራ አራት ሰከንድ ተመልካቹ ማውራት ጀመረ፤ በዘጠኝ ጸናን።

በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ሥራው ሲታይ፣ እጀታው ዝቅ ማለት እንደጀመረ ከኋላ መቀመጫ አንድ ተማሪ «ዞር በይ!» ብሎ ጮኸ። ከበሩ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ቡድኑ በክረምቱ ይጽፈዋል።