ወደ ጄኔቫ ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ብርዱ ገብቷል። የእናትሽ ጉልበት ትንሽ አስቸግሯታል፣ ግን አትጨነቂ።

የላክሽልኝን ንግግር አነበብኩት። ልጄ በተባበሩት መንግሥታት የአናሳዎች ጉዳይ መድረክ ላይ ስለ ጣና ወይጦዎች ልትናገር ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ባወራ ደስ ባለኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አወለቅኩ። ያነጋገርሻቸው የወይጦ አዛውንት ስም አለ። የመንደራቸው ስም አለ። የልጃቸውም አለ። አውጪው። የሰው ስም አትጥሪ።

የቀረው ጥሩ ነው። አንድ ሕዝብ አናሳ መሆኑ በመንግሥት ፈቃድ አይወሰንም የሚለውን፣ የሰብአዊ መብት ኮሚቴው በ1994 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያወጣውን ማብራሪያ ማስገባትሽን ወድጄዋለሁ። እኛ ክልል የራሳቸው የብሔረሰብ ዞን ያላቸው አዊ፣ ኽምራና ኦሮሞ ናቸው። ወይጦ ቋንቋው ጠፍቶ፣ ታንኳውና የደንገል ሥራው ብቻ ቀርቶለት፣ ከማንም ሳይቆጠር ኖረ። አያቴ ለወይጦ ውሃ የምትሰጥበት ቅል ለብቻው ነበር። ጉማሬ በሊታ ነው እየተባለ። ይህን ጻፊው፣ የእኛ ቤት ነውር ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ። የተባበሩት መንግሥታትን የ1992ቱን (በፈረንጅ) የአናሳዎች መብት መግለጫ ግን ሦስት ቦታ ጠቅሰሻል፤ አንዴ ይበቃል። የሚሰጡሽ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው ደግሞ መግለጫውን ከአንቺ በፊት ያውቀዋል።

«ጠይቄያቸው ፈቅደውልኛል» ትያለሽ። ቡና አፍልተው፣ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ማን እምቢ ይላል? በእኛ አገር ለእንግዳ እምቢ አይባልም። ያ ፈቃድ አይደለም፣ ጨዋነት ነው።

የአጎትሽን ነገር ታውቂያለሽ። ሙሉውን ግን ነግሬሽ አላውቅም። በ1970 ዓ.ም. እሱን የጠቆመው ጠላት አልነበረም። ጓደኛው ነበር፣ ያውም ጥሩ ልጅ። ገንዘብ ያዋጣሉ፣ እሱ ያስቀምጣል። ጠንቃቃ ስለነበረ ማን ስንት እንደሰጠ በደብተር ይጽፋል፣ የአንድም ሰው ሳንቲም እንዳይጠፋ። ልጁ ሲያዝ ደብተሩም ተያዘ። የአጎትሽ ስም ከላይ ሁለተኛው ላይ ነበር፣ አጠገቡ ሦስት ብር። ሌሊት መጥተው ወሰዱት። እኔ ከአልጋዬ አልተነሳሁም፤ እናቴ በእጇ ይዛኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ምድጃ ገባ። የእኔ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ሳይቀር ነደደ። ያንን ሰርተፊኬት እንደገና ለማውጣት ስንት ዓመት እንደተንከራተትኩ እናትሽ ትንገርሽ።

ስም መጥራት ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ራስሽ የጻፍሻት ካናዳዊቷ ሳንድራ ላቭሌስ በስሟ ከሰሰች። ነባር ሕዝብ ያልሆነ ሰው አግብተሻል ብለው ከወገኗ መዝገብ ፍቀዋት ነበር። በፈረንጆቹ 1981 የሰብአዊ መብት ኮሚቴው ፈረደላት፣ በ1985 ሕጉ ተለወጠ። ከእሷም በፊት፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ዘመን፣ ፍራንዝ በርንሃይም የሚባል አይሁዳዊ የሱቅ ሠራተኛ በፈረንጆቹ 1933 ናዚ ጀርመንን ከሶ ነበር። ላይኛው ሲሌዥያ ስለሚባለው አካባቢ ጀርመን ከፖላንድ ጋር የገባችው የአናሳዎች ውል ስለነበረ አቤቱታው ሠራ፤ ውሉ እስኪያበቃ፣ እስከ 1937፣ የዚያ አካባቢ አይሁዶች ከናዚ ሕግ ትንሽ ተነፈሱ። ግን ልብ በይ። ሁለቱም የፈረሙት በገዛ ስማቸው ነው። በርንሃይም ደግሞ ሲፈርም ፕራግ ገብቶ ነበር። ያንቺ አዛውንት የት ይሄዳሉ? ታንኳቸው ላይ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ከእሱ ጋር በሠሩ ሰዎች ላይ ስለሚደርስ በቀል በየዓመቱ ሪፖርት እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ያውጣ። ሪፖርቱ የሚወጣው በዓመቱ ነው፣ የሚመጣባቸው ሰው ግን በማግስቱ ጧት በሩ ላይ ነው። የራስሽን ስም ጥሪ፣ የአባትሽንም ጨምሪ። የእነሱን አትጥሪ።

ደግሞ ስሙን ሰርዘሽ መንደሩን እንዳለ ብትተዪው ዋጋ የለውም። «በጣና ዳር የሚኖሩ አንድ አባት» በይ፣ ይበቃል። የቀዳሽውን ድምፅ ስልክሽ ላይ ይዘሽ ቦሌ አትሂጂ። ፎቶውንም ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ።

ኅዳር እዚያ ክፉ ብርድ ነው ይላሉ። እናትሽ በርበሬና በሶ አዘጋጅታለች፣ ጋቢም አለ፤ የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ይዞልሽ ይመጣል። ጋቢ ይዤ ጄኔቫ አልሄድም እንዳትዪ። አንቺ ዓለሜ፣ ስትናገሪ ቀስ በይ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትደነግጪ ትፈጥኛለሽ።

የተስተካከለውን ጽሑፍ ሳታትሚው እስከ ሐሙስ በቴሌግራም ላኪልኝ። መጀመሪያ የማየው ሦስተኛውን አንቀጽ ነው።

አባትሽ