የጅማ ገጠር ምግብ ይታወቅልን

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሚኒባስ ተኮናትረን ከጅማ ወደ አጋሮ ወጣ ብለን ነበር፣ እና አንዲት እናት ቤት የበላነው ጨጨብሳ እስካሁን አፌ ላይ አለ፣ ትኩስ ቂጣው በእጅ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ ላዩ ላይ የጌራ ማር፣ ከጎኑ እርጎ፣ ቡናው ደግሞ ከጓሯቸው ተለቅሞ እዛው ፊታችን የተቆላ። አሜሪካ እኮ ፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር የሚባል ቦታ፣ ቱሪስቱ የአሚሾችን የገጠር ዳቦና ፓይ ልብላ ብሎ ይሄዳል፣ አሚሾች በሃይማኖታቸው ምክንያት መኪና የማይነዱ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ የገጠር ሰዎች ናቸው። እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት አሳይተን ሆቴል ወስደን ፓስታ እናበላዋለን፣ በጣም ያሳዝነኛል። እባካችሁ ስለነዚህ እናቶች ጻፉ፣ አስጎብኚዎችም እነሱ ቤት እንግዳ ይውሰዱ፣ ለሙያቸውም ደህና አድርገው ይክፈሏቸው።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከጅማ