ለፕሮስቱ ደጋፊ

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እናትህ ደኅና ናቸው? ልጆችስ? ይኸው አንተም ዝም፣ እኔም ዝም ብለን ስንት ዓመት ተጠፋፋን። ስልክህ አለኝ፤ ግን «ሃሎ» ካልኩ በኋላ ከየት እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ መጻፉን መረጥኩ።

ሰሞኑን ብራዚላዊው የፎርሙላ 1 መኪና ተወዳዳሪ ሴና ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረባት ኢሞላ ሄጄ ነበር። ከቦሎኛ በባቡር ቅርብ ናት፤ እዚህ አድገን አብረን አለመሄዳችን ይገርማል። የተጋጨበት ታምቡሬሎ ያኔ በቴሌቪዥን ያየነው ኩርባ አይደለም፤ መኪኖቹ ፍጥነት እንዲቀንሱ ብለው ቀይረውታል። አጥሩ በብራዚል ባንዲራና በማልያ ተሸፍኗል። መናፈሻው ውስጥ ደግሞ ሴና በነሐስ ተሠርቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከኩርባው ግድግዳ ጀርባ ሳንቴርኖ ወንዝ ይፈሳል፤ ግድግዳውን ወደ ኋላ መግፋት ያልተቻለው በእሱ ምክንያት ነው አሉ። እሺ፣ ወንዙ ወንዝ ነው፤ ግን ሌላው ተወዳዳሪ በርገር እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ተጋጭቶ መኪናው በእሳት ሲያያዝ ዓለም አይቷል። ለማስተካከል አምስት ዓመት ነበራቸው። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ሴና የሞተበት ቀን፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994)፣ ፋሲካ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? እናንተ ቤት እንግዳ ሞልቶ፣ ትልልቆቹ ዶሮ ወጡን ከበው፣ እኔና አንተ ቴሌቪዥኑ ሥር ተወሽቀን። የሴና ባላንጣ የነበረው ፈረንሳዊው ፕሮስት መወዳደር ስላቆመ «ከእንግዲህ ማንም ያሸንፍ፣ ሴና ብቻ እንዳያሸንፍ» ትል ነበር። አርብ ተወዳዳሪው ባሪኬሎ ተጋጭቶ ለትንሽ ተርፏል፤ ቅዳሜ ኦስትሪያዊው ተወዳዳሪ ራትዘንበርገር ተጋጭቶ ሞቷል። እኛ ግን ልጆች ነንና ስለ እሱ ብዙም አላወራንም። በሰባተኛው ዙር የሴና መኪና፣ ዊሊያምሱ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ቀጥ ብሎ ወጣ። የመኪናው መሪ ዘንግ ተሰብሮ ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለጣሊያን ፍርድ ቤት እተወዋለሁ። የገደለው ግን ግጭቱ ራሱ ሳይሆን ከፊት ጎማው በኩል ተሰብሮ የራስ ቁሩን የወጋው ብረት ነው።

መኪናው ውስጥ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ «አለ! አለ!» ብለህ የጮኽከው አንተ ነህ። አንተ፣ የፕሮስቱ! ሄሊኮፕተሩ ወደ እኛው ከተማ፣ ወደ ቦሎኛው ማጆሬ ሆስፒታል ነው የወሰደው። በረንዳ ላይ ወጥተን ሰማዩን ስናይ ቆየን። ማታ መሞቱ ሲነገር እናትህ መጥተው «በትንሣኤ ቀን ምን ያስለቅሳችኋል?» አሉን። ነገርናቸው። «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ 34 ስንላቸው ሻሻቸውን አስተካክለው «ነፍስ ይማር» አሉና ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን። አንተ አልበላህም።

ያኔ ያልሰማነው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ የተጋጩት፣ ዓይንህን ላፈር የተባባሉት ሴናና ፕሮስት፣ በዚያው ሰንበት ታርቀዋል። ፕሮስት ለፈረንሳይ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ሴና እየነዳ በሬዲዮ ለእሱ ሰላምታ ሰደደለት፣ ሁላችንም ናፍቀኸናል አለው። ከቀናት በኋላ ሳኦ ፓውሎ ላይ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ፕሮስት ነው። በሴና ስም በእህቱ የተቋቋመውን የልጆች ትምህርት ድርጅትም ረድቷል። ሴና መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ቢያሸንፍ ለራትዘንበርገር ሊያውለበልበው። እኛ የረሳነውን ልጅ እሱ አልረሳውም።

እንግዲህ በሬዲዮም ባይሆን በወረቀት እኔም ናፍቀኸኛል። ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት አስቤአለሁ፤ የምትኖርበትን ሰፈር ጻፍልኝ። ትልቁ ልጅህ መኪና ይወዳል አሉኝ፤ ከኢሞላ ትንሽ ቢጫ የራስ ቁር ገዝቼለታለሁ። አንተ ግን የፌራሪ ደጋፊ ሆነሃል የሚባለው እውነት ከሆነ ባትጽፍልኝ ይሻላል።

የሴናው ጓደኛህ