«ሐ/ሜ» ሐረር አይደለም፦ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ጠቅላይ መምሪያ
ቢሾፍቱ

ጉዳዩ፦ በድሮ የአገልግሎት ማኅደሮች ላይ ላሉት ምሕጻረ ቃላት መፍቻ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የኤፍ 5 ጄቶችን ከሚጠግኑት አንዱ ነበር። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ካረፈ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ የአገልግሎት ማኅደሩን ቅጂ አገኘን። አራት ገጽ ናት። ግማሹ ምሕጻረ ቃል ነው።

«መ/አ» መቶ አለቃ፣ «ሻ/ል» ሻምበል መሆኑን ማንም ያውቃል። «አ/አ» ላይ ስንደርስ ግን ተከራከርን። አዲስ አበባ ነው ወይስ አሥር አለቃ? ከፍ ብሎ ደግሞ «ሐ/ሜ» ይላል፣ በየገጹ። ቤታችን ውስጥ ሁሌም «አባታችሁ ሐረር ነበር» ይባል ስለነበር ሐረር ነው ብለን ዘጋነው። ወንድሜ እንዲያውም እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያውቀው ሰው ሲፈልግ ሰነበተ።

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ የሙያ ባልደረባው ጋ ደረስን። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሐረር ሜዳ ነው፤ እዚሁ ደብረ ዘይት ያለው የአየር ኃይሉ ምድብ» አሉኝ። ከተማው ራሱ ዛሬ ቢሾፍቱ ስለሚባል፣ «ደ/ዘ» የሚለውንም የእኔ ልጆች አይፈቱትም።

ከሁሉም አንድ መስመር አለ። «ድ/ዳ» ይላል፣ ቀጥሎ በላቲን ፊደል «ቲ ዲ ዋይ»፣ ከዚያ «5/2/70»። እኔ 70ን በፈረንጅ ቆጥሬ፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ ሰባት ዓመት በፊት ነው ብዬ አልፌው ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን እዚያ ላይ አቆዩት። «ቲ ዲ ዋይ» ከአሜሪካኖች የመጣ አጠራር ነው፤ ለጊዜው ሌላ ምድብ ተልኮ መሥራት ማለት ነው አሉኝ። ቀኑ ደግሞ ጥቅምት 5 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ጅጅጋ የተያዘችው በመስከረም ነው። ድሬዳዋም በነሐሴ ተጠቅታ ነበር። አባቴ በዚያ ወቅት ወደ ድሬዳዋ ተልኳል። ይህን ያወቅሁት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ያነበብኩት ደግሞ ከአንድ መስመር።

አየር ኃይላችንን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድኖች፣ ቀጥሎ አሜሪካኖች አሠልጥነውታል፣ በጦርነቱ መሐል ደግሞ ሶቪየቶች መጡ። ወረቀቱ ላይ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል የተደባለቀው ለዚህ ይመስለኛል። ጸሐፊዎቹን አልወቅስም። በጦርነት መሐል እየጻፉ ነበር፣ አንባቢያቸውም እርስ በርሳቸው ነበር።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በመዝገብ ቤት የሠሩ ጡረተኞች፣ የድሮ ቴክኒሺያኖችና አብራሪዎች ተጠርተው አብረው ይቀመጡ። በማኅደሮቹ ላይ ያሉትን ምሕጻረ ቃላት አንድ በአንድ ይፍቱ። ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉም ይናገሩ። ከዚያ ለቤተሰቦች በሚገኝ አነስተኛ መጽሐፍ ይታተም። በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። እባካችሁ ቶሎ ይሁን።

አባቴ ማኅደር ላይ፣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ተ.መ.» የሚል አለ። ሽማግሌውም ብዙ አሰቡና «ይሄንን የሚያውቅ ጓደኛ ነበረኝ፤ አምና ቀበርነው» አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አየር ኃይል ቴክኒሺያን ልጅ