ለደንቆሮ ጫካ አሥራ ሁለት መንገደኞች

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ቀኝ እግሬ በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ብሎኛል። ተሸክማችሁ ባወጣችሁኝ ማታ ላመሰግናችሁ ብል ከአፌ "እግዜር ይስጥልኝ" ከሚለው ሌላ ቃል አልወጣም፤ እሱንም እያለቀስኩ ስለነበር በደንብ የሰማችሁኝ አይመስለኝም። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ ልበለው።

ስማችሁን አልጠራም፤ ሳላስፈቅዳችሁ አደባባይ ማውጣቱ ደስ አይለኝም። ግን እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

አርብ ከሰዓት ከደሴ ስንነሳ አንዳችሁንም አላውቅም ነበር። ቴሌግራም ላይ "ቅዳሜና እሁድ ደንቆሮ ጫካ፣ በእግር" የሚል አይቼ ነው የተመዘገብኩት። እናቴ "ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ጫካ ለጫካ?" ብላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ እስከ ጉጉፍቱ ድረስ ትንፍሽ አላልኩም። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ሲገባ ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ ምንም ሳትጠይቀኝ ፎጣዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አቀስታ ሻይ ጠጣን። መካነ ሰላም ስንገባ መሽቶ ነበር፣ የአንዳችሁ እናት የቋጠሩት ዳቦ ቆሎም ከእጅ እጅ እየዞረ ሊያልቅ ደርሶ ነበር።

ስለ ቅዳሜ ጠዋት ሳላነሳ ወደ አደጋው መሄድ አልፈልግም። ያ ጠዋት ለእኔ የሕይወቴ ትልቅ ስጦታ ነው። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይሉታል በመዝገብ ስሙ፤ የአገሬው ሰው ግን ደንቆሮ ብሎ ነው የሚጠራው። ከታች ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ፊት ይነካል። እየወጣን ስንሄድ አስታው ተተካ፣ ከዚያ ድንገት ዛፉ አለቀና ሜዳው ሁሉ ጓሳ ሆነ፤ በመሃሉ ጅባራው እዚህም እዚያም ቆሟል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነንና ትንፋሽ ያጥራል። ጭላዳዎቹ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ በቅርብ አየናቸው፤ ስንቀርባቸውም ብዙ አልደነገጡም።

ቀዩን ቀበሮ ያየነው ግን እኔና አራታችሁ ብቻ ነን። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ቀበሮው ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን አዘንብሎ ቆሟል። አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሳያወርድ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየ። ከዚያ ዘሎ በሁለት እጆቹ ወረደና አይጧን በአፉ ይዞ ሄደ። ስካውቱ በሹክሹክታ ነገረን። በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ እሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፤ ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ደግሞ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ድምፁ የራሱን ልጅ በሽታ የሚናገር አባት ድምፅ ነበር። ስካውቱ ሆይ፣ መጀመሪያ የማመሰግነው አንተን ነው። ያን ማታ የሮጥከው ሩጫ ሳይቆጠር ማለቴ ነው።

ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭጋጉ መጣ። ወደ አስታው እየወረድን ነበር። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል የፊተኞቹን ጀርባ አጣሁት። ልድረስባችሁ ብዬ ፈጠን ስል እርጥብ ሥር አንሸራተተኝ፣ እግሬም ከሥሬ ታጠፈ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ጮህኩ። ጭጋጉ ድምፄን ዋጠው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ስለ ደንቆሮ ስም ሌላው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ያኔ ግን ጫካው እውነትም የማይሰማ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። እናንተ "ሃያ ደቂቃ አይሞላም" ብላችሁኛል፣ ለእኔ ግን ቀኑ ያለቀ ነበር የመሰለኝ።

አንተ ረጅሙ ልጅ፣ ከኋላ የምትዘጋው። ዥረቱ ጋ ስትደርሱ ቆም ብለህ ቆጠርካቸው አሉ። አሥራ ሁለት። እንደገና ቆጠርክ፣ አሥራ ሁለት። "አንዲት ልጅ ጎድላለች፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰችው" ብለህ ቦርሳህን እዚያው ጥለህ ዳገቱን ተመለስክ። ስሜን እንኳ አታውቀውም ነበር። ሹራቤን ግን አስታውሰሃል። እኔ ያንተን ልብስ ቀለም አላስተውለውም ነበር፤ ይሄ ሲከነክነኝ ይኖራል። ፉጨትህን ስሰማ የተሰማኝን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አጥፍቼዋለሁ።

አንቺ ነርሷ፣ መንገዱን ሙሉ ከሁሉም በላይ ዝምተኛዋ አንቺ ነበርሽ። ደርሰሽ ጭቃው ላይ ተንበረከክሽ። ጫማዬን አላወለቅሽውም፣ ክሩን ብቻ አላላሽው። "ጣቶችሽን አንቀሳቅሺልኝ" አልሽኝ። ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አስቆረጥሽና በሻሽሽ ጠፍረሽ አሰርሽኝ። በኋላ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም "ይህን ያሰረ ማን ነው? በጣም ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው" ብሏል። ይህን እንድትሰሚው ፈልጌ ነበር፣ ያኔ ውጭ ነበርሽ።

ከዚያ ስካውቱ ወደ መንደር ሮጠ። ቃሬዛ ይዘው ሲመጡ ጨልሟል። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ከእርሻ ውለው የመጡ። ቃሬዛው ሁለት ረጅም እንጨት ነው፣ መሃሉ በጓሳ ገመድ የተጠላለፈ። ገመዱ ክንዴን ሲነካኝ ገና የሣር ሽታ ነበረው። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው ከአንገቴ እስከ እግሬ ሸፈኑኝ። እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ፣ በዚያ ውርጭ። "አባባ ይበርድዎታል" ብላቸው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ እኔ እየተራመድኩ ነው፣ አንቺ ነሽ የተኛሽው" አሉኝ።

አራት ሰዓት ያህል ተሸከማችሁኝ። አራት አራት እየሆናችሁ፣ ገበሬዎቹና የከተማዎቹ እየተቀላቀላችሁ። ሽማግሌው ከፊት ባትሪ ይዘው "ድንጋይ!" ይላሉ፣ የፊተኞቹ "ድንጋይ!" ብለው ለኋለኞቹ ያቀብላሉ። "ጉድጓድ!" "ጉድጓድ!" ሌሊቱን ሙሉ ያንን ስሰማ ነበር። አንዳንዴ አሁንም ተኝቼ ይሰማኛል። የባንክ ሠራተኛው ወንድሜ ትከሻህ ተልጦ እንደነበር ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ሹራብህ ላይ ደሙ ደርቆ አየሁት። "ምንም አይደለም" ብለህ ዞር አልክ። እኔ ዘንድ ግን ምንም አይደለም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

መንደር ስንገባ ቤታቸውን የከፈቱልን እናት ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አላሉኝም። መደቡ ላይ አስተኙኝ፣ ትኩስ ወተት አጠጡኝ፣ እግሬን ላለመንካት እየተጠነቀቁ እጄንና ፊቴን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ። ከዚያ በዚያ ሌሊት ቡና ተቆላ። አባወራው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሚን አልን፤ መስቀል ያሰረውም ያላሰረውም። "አላህ ያሽርሽ" አሉኝ። ከጎናቸው የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አሉ። ወሎ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ይህን በየለቅሶውና በየሠርጉ አይቼዋለሁ። ለእኔ ሲደረግ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በረካው ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሁድ ሌላ ዕቅድ ነበራችሁ። ስምንታችሁ ቀዩን ቀበሮ አላያችሁም ነበር። ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ የመጣችሁት ለዚያ ነው። አስተባባሪያችን "ሁለት ሰው ይሸኛት፣ ሌሎቻችሁ ቀጥሉ" ስትል ማንም አልተነሳም። ሁላችሁም መካነ ሰላም ሆስፒታል በር ላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጣችሁ፣ ራጅ እስክነሳና ጀሶው እስኪደርቅ። ሒሳቡን ልክፈል ብዬ ስል "ተከፍሏል" አሉኝ። ማን እንዳዋጣ እስካሁን የሚነግረኝ አጥቻለሁ። ወደ ደሴ ስንመለስ ደግሞ እግሬ ያን ረጅም መንገድ ሙሉ የማላውቃት ልጅ ጭን ላይ ነበር፤ ፎጣዋን ያለበሰችኝ ልጅ ናት። ደንዝዞባት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንዴም አላንቀሳቀሰችኝም።

እናቴ በር ላይ ስታያችሁ ምን እንዳደረገች አይታችኋል። እያንዳንዳችሁን ስማ፣ እንጀራ ሳትበሉ አትሄዱም ብላ በር ዘጋች። አሁን በየቀኑ "ልጆቹ ደወሉ?" ትለኛለች። ልጆቹ ስትል እናንተን ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የሽማግሌው ጋቢ እኔ ዘንድ ነው። በግርግሩ ለብሼው መጣሁ፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እናቴ አጥባ አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ጥለቱ ላይ የነበረው ጭቃ ለቋል። ጀሶው እንደተፈታና መራመድ እንደቻልኩ በእጄ ላደርስላቸው ነው ሐሳቤ። ሚኒባሱን እኔ እይዛለሁ። ቀበሮውን ያላያችሁ ስምንታችሁ የትኛው ቅዳሜ እንደሚመቻችሁ ጻፉልኝ።