ባቡሩን በአንድ መስመር?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ድሬዳዋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሙቀቱ አለ፣ ጫቱ አለ። ባቡሩ ግን በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ አለፈ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና ከነከነኝ።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ። እናም ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ ሰፈር፣ ከነቀጥ ያለ መንገዱና ከነጥላ ዛፎቹ፤ ከወዲያ መጋላ ሰፈር፣ ቀፊራ ገበያን ይዞ።

አባቴ ጥገና ክፍል ነበር የሚሠራው። የመፍቻዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራል። እኛን በአማርኛ ይቆጣል፣ ከጎረቤት በኦሮምኛ ያወጋል፣ ገበያ ወርዶ በሶማሊኛ ይከራከራል። (ዋጋ ግን አስቀንሶ አያውቅም፤ እናቴ ትመስክር።)

ባቡር የሚገባበት ቀን የድሬው ለገሃር፣ አሮጌው ጣቢያ፣ ሰርግ ቤት ይመስል ነበር። ተሸካሚው፣ ሻይ ሻጯ፣ ጨርቅና ሽቶ ይዘው የሚወርዱት ነጋዴዎች፣ ሁሉም እንጀራቸው ከዚያ ፉጨት ጋር ነበር። የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጪ ነው። ፉጨቱ መጋላ አይሰማም።

የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍም ዘንግታችኋል። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በማግስቱ ቤታችን ጎርፉ ላፈናቀላቸው በተነጠፈ ፍራሽ ሞላ። «አቦ ግባ!» እንጂ «የማን ልጅ ነህ?» ያለ አልነበረም።

ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ከመጣ አባቴ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ አይጠፋም። ከ4 ሰዓት በፊት ይምጣ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አያስወራም።

የባቡር ሠራተኛው ልጅ፣ ከድሬዳዋ